ወረቀቱ ያላለው

ቶሪኖ፣ ሚያዝያ 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሽ ምንይሉ፣

እንደምን ከረሙ? የሞላሌ ብርድ ጉልበትዎን እንዴት አደረገው? ጡረታ ከወጡ ወዲህ ጠመኔው ናፍቆዎት ለጎረቤት ልጆች በነፃ ያስተምራሉ ብላ ጓደኛዬ ሐና ከአዲስ አበባ ጽፋልኛለች። ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥልኝ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። የማስታምማቸው አሮጊት፣ ሲኞራ ካርላም ደህና ናቸው፤ ዘጠና አንድ ዓመት ሞላቸው።

በዚህ ፖስታ ውስጥ ሁለት ወረቀት አለ። አንዱ ይኸው የእርስዎ ነው። ሌላው፣ በሁለት ፊት የተጻፈው፣ የአባቴ ነው። አባባ ፊደል ስለማይለዩ ማንበቡ እንደተለመደው በእርስዎ ላይ ወደቀ፤ አይቀየሙኝ። ከታች ስሜን አልጻፍኩም። በእናቴ አርባ ዕለት፣ በመምሬ ገብረ አማኑኤል ፊት፣ "ስሟ በቤቴ አይጠራ፤ ድምፅዋ ከጆሮዬ አይግባ፤ በአማኑኤል ግዝት!" ማለታቸውን የነገሩኝ እርስዎ ነዎት። "ወረቀት ግን አላሉም፤ ስምሽ ካልተጻፈበት ግዝቱ አይነካውም" ብለው መላውን የዘየዱልኝም እርስዎ ነዎት። ስለዚህ "የሩቅ ዘመድዎ" ብዬ ጨርሼዋለሁ። ለገዛ አባቴ እንደዚያ ብዬ ስጽፍ ምን እንደተሰማኝ አልነግርዎትም።

አንድ ነገር ልለምንዎት። ቃል በቃል ያንብቡላቸው። የሚመጣው ጥር 18 የእናቴ ሁለተኛ ሙት ዓመት ነው። የመኖሪያ ወረቀቴ በእጄ ገብቷል፤ ፈቃድም ይሰጡኛል። መምጣት እፈልጋለሁ። ነገር ግን ይህን ሁሉ አገር አቋርጬ ከአባቴ ደጃፍ እንዳልመለስ፣ ልባቸውን አውቄ ልነሣ። በሁለተኛው ፊት ያለችውን ጥያቄዬን ሲሰሙ ምን እንዳሉ ይጻፉልኝ።

ከሩቅ ጉልበትዎን የምትስም፣
ጽናት አባይነህ


ሞላሌ፣ ግንቦት 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለጽናት፣

የጓሳ ሣር ብዛት ያህል ሰላምታዬ ይድረስሽ። እኛ አምላክ ይክበር ይመስገን፣ ከጉልበቴ በቀር ሁላችንም ደህና ነን። ጉልበቴ ግን ከእኔ ቀድሞ ጡረታ ወጥቷል።

ፖስታሽ በልደታ ማግስት ገባ። "ለምን በስልክ አትነግረኝም" እንዳትዪኝ፤ ኔትወርኩ አንድ ቀን ብቅ ብሎ ወር ይጠፋል። ብቅ ሲልም አልፈልገውም። አባትሽ አጠገቤ ተቀምጠው ድምፅሽ ከስልኩ ቢያመልጥ ግዝቱ በማን ላይ ሊወድቅ ነው? በእኔው!

አባትሽ በገበያ ቀን ሁለት ሙክት እየነዱ መጡ። "ወረቀት መጥቷል" ብላቸው ከግቢዬ ግንድ ላይ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ተቀመጡ። "አንተ ለራስህ አንብብ፤ እኔ በጎቼን ነው የምጠብቀው" አሉኝ። እኔም ለራሴ አነበብኩ፣ ጎረቤት እስኪሰማ ጮክ ብዬ! ስጨርስ፣ "ያቺ የሩቅ ዘመድህ ያለችበት አገር ይዘንባል?" ብለው ጠየቁኝ። ይዘንባል አልኳቸው። "ገብስስ ይዘራሉ?" አሉ። እሱን አላወቅኩም፤ ጻፊልኝ።

እና አይዞሽ፣ ልባቸው ረግቷል። ሌላም ምልክት አይቻለሁ። ዘንድሮ ተከልሎ የቆየው የጓሳ ሜዳ ለሣር አጨዳ ሲከፈት እንደሚወጡና ቤቱን እንደገና እንደሚከድኑ ነግረውኛል። እናትሽ ጥሩሸዋ ካረፈች ወዲህ ያን ጣሪያ ቀና ብለው አይተውት አያውቁም ነበር። አይዞሽ፣ ነገር ሁሉ ወደ ደጉ እየሄደ ነው። አንቺ ብቻ በሰው አገር ራስሽን ጠብቂ፣ ብዙ አታስቢ፣ አይዞሽ። እኔ እያለሁ ማንም አይቀየምም፤ አይዞሽ ልጄ።

አጎትሽ ምንይሉ


ቶሪኖ፣ ሐምሌ 2 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሽ ምንይሉ፣

ሰላምታዬ ከነአክብሮቴ ይድረስዎ። ክረምቱን በሰላም ያሻግራችሁ።

"ይዘንባል ወይ" የምትለዋን ሳነብ ከወጥ ቤቱ ወለል ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ሲኞራ ካርላ ደንግጠው መሐረባቸውን አቀበሉኝ። ይዘንባል በሏቸው። ገብስ ግን እኔ ባለሁበት አላየሁም፤ ከተማ ነው።

አሁን ስለ ሲኞራ ካርላ አንድ ነገር ልንገርዎት። ልባቸው ይዘነጋል። ማታ ማታ ጀንበር ስታዘቀዝቅ "አንጄሎ የት ቀረ?" ይላሉ። አንጄሎ ባላቸው ናቸው፤ ከሞቱ ሃያ ዓመት ሆኗቸዋል። መጀመሪያ ሰሞን እውነቱን እነግራቸው ነበር። እሳቸውም እንደ አዲስ መርዶ እየሰሙ በየቀኑ ያለቅሱ ነበር። አላስቻለኝም። አሁን "ሥራ ላይ ናቸው፤ ትራሙ ዘግይቶባቸው ነው" እላለሁ። ፀጉራቸውን አበጥረው ረጋ ብለው ይጠብቃሉ።

ይህን የምነግርዎት ለምን መሰለዎት? እንጀራዬ ሰው ማረጋጋት ነው። ስለዚህ ሰው እኔን ሲያረጋጋኝ አውቃለሁ። በደብዳቤዎ ውስጥ "አይዞሽ" የሚለውን ቆጠርኩት፤ አራት ጊዜ አለ። የጥያቄዬ መልስ ግን አንድ ጊዜም የለም።

ጥያቄዬ አንዲት ናት። እናቴ አምስት ወር ሙሉ ስትታመም ለምን ደበቃችሁኝ? አባባ ይህን ሲሰሙ ምን አሉ? ተቆጡ? ዝም አሉ? ተነሥተው ሄዱ? የሆነውን ይጻፉልኝ፤ ምንም ቢሆን እችለዋለሁ።

ጽናት


ሞላሌ፣ መስከረም 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለጽናት፣

እንኳን ለአዲሱ ዓመት በሰላም አደረሰሽ። ዘመኑን የምሕረት ያድርግልን።

መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ። መንገዱ ሁለት ወር ተዘግቶ ነበር። ደግሞ ውሸት እንዳይሆን፣ ከተከፈተም ሦስት ሳምንት አልፎታል። ብዕር አነሣለሁ፣ እተወዋለሁ።

ልጄ፣ ሁለተኛውን ፊት አላነበብኩላቸውም።

ይኸው ተናዘዝኩ። የመጀመሪያውን ፊት፣ ጤናሽን፣ ሥራሽን፣ ሰላምታሽን አነበብኩና ወረቀቱን አጠፍኩት። ያቺን ጥያቄ ማንበብ አልደፈርኩም። አንቺ እኔን ታውቂኛለሽ፤ በዚህ አገር ሃያ ዓመት ሙሉ መርዶ የሚያስነግሩት በእኔ ነው። ለምን? ድምፁ ለስላሳ ነው፣ ሰው አያስደነግጥም ብለው። ሰው ሞቶ ተቀብሮ ሳለ "ትንሽ አሞታል" ብዬ እጀምራለሁ፣ ከዚያ "ጠንቶበታል"፣ ከዚያ "ጸልዩለት"፤ እንዲህ እያልኩ ደረጃ በደረጃ አወርደዋለሁ። ሰው ፊቴ ሲፈርስ ማየት አልችልም፤ ሙያዬ እሱ ነው፣ ድክመቴም እሱ ነው። አባትሽ ደግሞ ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው። ያን ጥያቄ ሰምተው አንድ ነገር ቢሆኑ ለአንቺስ ምን ብዬ ልጽፍልሽ ነው?

ይሁን እንጂ የጠበቅኩት አልሆነም። ያረጋጋኋቸው መስሎኝ ነበር፤ እሳቸው ግን ከፍልሰታ ወዲህ ወደ ገበያም አይመጡም። ሐምሌ ላይ የላክሽው ሲደርሰኝ በሰው ልኬ፣ "ያቺ ዘመዳችን ሰላም ብላለች" ብላቸው ምን እንዳሉ ታውቂያለሽ? "የእሷ ወረቀት የቀበሌ ማስታወቂያ ነው። ጤና ነው፣ ሰላም ነው፣ አበቃ። እናቷን ረስታለች፤ እኔንም ረስታለች። ከእንግዲህ አታንብብልኝ።" ሣሩን አጭደው አምጥተውታል፤ ግን ከደጅ ተከምሮ ቆሟል።

ስለዚህ ጥር ላይ አትምጪ ልጄ። ለዓመት ይሁን። ነገሩ ትንሽ ይብረድ።

ጥፋተኛው አጎትሽ፣
ምንይሉ


ቶሪኖ፣ ጥቅምት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሽ ምንይሉ፣

ጤናዎን እመኛለሁ። ዛሬ ሌላ ሰላምታ ከአፌ አይወጣም፤ ቆሽቴ አሯል።

ምን ይብረድ? ሁለት ዓመት ሙሉ ሲበርድ አይደል እንዴ የኖረው! እርስዎ አባቴን ከእኔ ቁጣ ጠበቋቸው፤ እሳቸው ግን ልጃቸው የረሳቻቸው መሰላቸው። የቱ ነው የሚሻለው?

ያን ጊዜም እርስዎ ነበሩ። "እናትሽን ትንሽ አሟታል" ብለው የደወሉልኝ ከተቀበረች በሦስተኛው ቀን ነበር። እኔ ገበያ ወጥቼ ወፍራም ካልሲ ገዛሁላት፤ ብርድ ይሆናል የያዛት ብዬ። ካልሲው አሁንም አለ። አባባ በማግስቱ መርዶውን ሊነግሩኝ ሲደውሉ የመኖሪያ ወረቀቴ ገና ነበር፤ ከወጣሁ መመለሻ የለኝም። "መምጣት አልችልም" አልኩና የቀረውን ለቅሶ ዋጠው። ስልኩን የዘጋሁት እንዳልጮህባቸው ነው። እንዳላስደነግጣቸው! አየን አይደል? እኛ ቤት ሁሉም ሌላውን ላለማስደንገጥ ሲል አፉን ይዞ አንድ ቤት ፈረሰ።

"አንቺስ ለሲኞራ ካርላ ትዋሺ የለም ወይ" ይሉኝ ይሆናል። እዋሻለሁ። ባለፈው ሳምንት ግን ምን ሆነ መሰለዎት? ፀጉራቸውን እያበጠርኩላቸው በመስተዋቱ ውስጥ ዓይን ዓይኔን አዩኝና "አንጄሎ ሞቷል፣ አይደል?" አሉኝ። "አዎ" አልኳቸው። እጄን ያዙኝ። አለቀሱ፤ እኔም አለቀስኩ፤ እኔ በእናቴ፣ እሳቸው በባላቸው። ብዙ ቆየን። ከዚያ ሾርባቸውን ጠጥተው ጥሩ እንቅልፍ ተኙ። በማግስቱ ረስተውታል፤ እኔም ወደ ትራሙ ውሸቴ ተመለስኩ። እሳቸው ስለሚረሱ ነው የምዋሸው። አባቴ ግን አይረሱም! የማይረሳን ሰው እንዲህ አያባብሉትም ጋሽ ምንይሉ።

ቲኬቱን ቆርጫለሁ። ሁለተኛውን ፊት ያንብቡላቸው። ካላነበቡ ራሴ መጥቼ ከአጥሩ ውጭ ቆሜ በገዛ ድምፄ አነበዋለሁ፤ ግዝቱም በእኔ ላይ ይውደቅ።

ስለተቆጣሁ አይዘኑ። እርስዎን ባልወድ አልቆጣም ነበር።

ጽናት አባይነህ


ሞላሌ፣ ታኅሣሥ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለጽናት፣

ሰላምታው በሙሉ እንደ ደረሰሽ ቁጠሪልኝ፤ ወሬው አስቸኩሎኛል።

ቁጣሽ ደረሰኝ። ስለ ካልሲው ያልሽው አንጀቴን በላው። ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አንብቤ፣ ያችን የሚያዝያ ወረቀት ካስቀመጥኩባት መዝሙረ ዳዊት መሐል አወጣሁና በእግሬ ወደ አባትሽ ቤት ወጣሁ። ሁለት ሰዓት ተኩል መንገድ ነው። "እዚህ ላይ ትንሽ ላለስልሰው፣ ያችን ቃል ልዝለላት" እያልኩ ስሰናዳ መንገድ ላይ ሦስት ጊዜ ራሴን ያዝኩት። አመል ክፉ ነው ልጄ።

ስደርስ አባትሽ መሰላል ላይ ናቸው! ለሙት ዓመቱ ሰው ስለሚመጣ ብለው መክደን ጀምረዋል።

"አንተ አንብብ፤ እኔ ሥራ ላይ ነኝ" አሉኝ ከላይ።

"ሰው መሰላል ላይ ሆኖ ይህን አላነብም" አልኩ።

"ምኑን?"

"ያላነበብኩልዎትን።"

የያዙትን ሣር ለቀቁት። ወረዱ። ዛሬ ጀርባቸውን አልሰጡኝም፤ ፊት ለፊቴ ተቀመጡ።

"ወረቀቱ በሁለት ፊት እንደተጻፈ ያን ዕለትም ስነሣ አይቼዋለሁ" አሉኝ። "ፊደል ባላውቅም፣ ቀለም ያለበትንና የሌለበትን አልለይም? አንዱን ፊት አንብበህ አጠፍከው።"

"ታዲያ ለምን ዝም አሉ?"

"ግንባርህ ላይ ላብ ቸፍ ብሎ ነበር። አሳዘንከኝ። ይቅርለት፣ አላስጨንቀው አልኩ። በሰው የላክልኝ ሌላውም ያው ሰላምታ ብቻ ሲሆን ግን፣ የቀረውም ከዚያ አይበልጥም ብዬ ተስፋ ቆረጥኩ።"

አቤት! እኔ እሳቸውን ሳባብል እሳቸው እኔን ሲያባብሉ ከርመዋል። አፍሬ መሬት መሬት አየሁ።

ከዚያ አነበብኩ። አንድ ቃል አልጎደለም። "እሑድ እሑድ በስልክ 'ደህና ናት፣ ደህና ናት' እያላችሁ አሳቃችሁኝ። እኔ እዚህ ስስቅ እሷ እዚያ ታቃስት ነበር። ያን ሳቄን ምን ላድርገው አባባ? እኔ ልጅዎ ነኝ ወይስ እንግዳ? ከሐዘኑ ድርሻዬን ለምን ነፈጉኝ?" እዚህ ላይ ስደርስ ቀና ብዬ ለማየት ፈራሁ።

"ድገመው" አሉኝ። ደገምኩት። "ድገመው" አሉኝ። ሦስተኛው ላይ ዘለው ተነሡና ምድሩን በከዘራቸው መቱት።

"ይህቺ ናት! የኔ ልጅ ይህቺ ናት! ያ 'ጤና ነው፣ ሰላም ነው' የሚለው የማን ነው እያልኩ አይደል የከረምኩት! ይኸው ተቆጣችኝ! ተቆጣችኝ እኮ! ጽናት! ጽናቴ!"

ይህን ብለው አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ተያየን። ስምሽ ከሁለት ዓመት በኋላ በዚያ ግቢ ተጠራ። ግዝቱ ፈረሰ።

"ምን ላድርግ?" አሉኝ። እንደዚያ ፈርተው አይቻቸው አላውቅም። ዓይናቸው ግን ይስቅ ነበር፤ እንባውም ይወርዳል። ከዘራቸውን ይዘው ወደ መምሬ ገብረ አማኑኤል ሮጡ፤ እኔ በዚህ ጉልበቴ ከኋላ። መምሬ አውድማ ላይ ገብስ ሲያስወቁ አገኘናቸው። ሰሙና፣ "እኔ እኮ ይህን ቀን ሁለት ዓመት ጠበቅኩት አባይነህ" አሏቸው። መስቀላቸውን አሳልመው "እግዚአብሔር ይፍታህ" አሉ። ቀኖናው አርባ ስግደት ነው። "ጉልበትህ የቻለውን ስገድ፤ የቀረውን ምንይሉ ይሙላልህ፤ እሱም ጥፋት አያጣም" ብለው ፈረዱብኝ። አሥራ ስድስቱ የእኔ ሆነ። ሰግጄ እንደጨረስኩ ነው ይህን የምጽፍልሽ፤ ፊደሉ ቢዛነፍ አትፍረጂ።

አባትሽ አብረውኝ ወደ ሞላሌ ወርደዋል፤ እኔ ዘንድ ናቸው። ነገ ራሳቸው ሊያጽፉሽ ነው። እንዳላሳምርላቸው አስጠንቅቀውኛል።

አጎትሽ ምንይሉ


ሞላሌ፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለጽናት አባይነህ፣

አምላክ ባለሽበት ይጠብቅሽ። እጁ የምንይሉ ነው፤ ቃሉ የኔ ነው። "አንዲት ቃል ብታጎድል ግዝት" ልለው ከአፌ ስትወጣ መለስኳት። አንድ ጊዜ ይበቃኛል።

የጥቅምቱንም ወረቀትሽን ምንይሉ አንብቦልኛል። ጠየቅሽኝ፤ እመልስልሻለሁ። "አትንገሯት፣ በሰው አገር ማን ያጽናናታል" ያለችው እናትሽ ነች። በእሷ ግን አላሳብብም። እኔም ለቅሶሽን መስማት ፈርቼ ነው። እሑድ ስትደውዪና ስትስቂ ጥሩሸዋም ትስቅ ነበር። ያቺን ሰዓት ላጠፋባት አልጨከንኩም። ስልኩ ሲዘጋ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። አንድ ቀን "ልጄን ሳልሰናበታት ልሄድ ነው" አለች። ያን ቀን መንገር ነበረብኝ። አልነገርኩሽም። ይኸው እውነቱ።

እሷ ሞተች፤ አንቺ "አልችልም" ብለሽ ስልኩ ተዘጋ። ማልቀስሽን የት አውቄ! ቤቱ በሰው ሞላ፤ ሁሉም አይዞህ፣ አይዞህ ይለኛል። እኔ የሚቆጣኝ ሰው ነበር የፈለግኩት። ያጠፋሁትን አውቀዋለሁ፤ የሚነግረኝ ጠፋ። የሚነግረኝ ሰው አንቺ ብቻ ነበርሽ፤ አንቺ ደግሞ ዝም አልሽ። ራሴን መገዘት ቢያቅተኝ አንቺን ገዘትኩ። ይቅርታሽን በወረቀት አልጠይቅም፤ ፊት ለፊት እጠይቅሻለሁ።

ካልሲውን ይዘሽው ነይ። እኔ አደርገዋለሁ፤ እዚህ ብርድ ነው።

ቤቱ እስከ ገና ተከድኖ ያልቃል። ለጥር 18 ድረሺ። ስትመጪ ታዲያ እንደዚህ እንደ ምንይሉ ለስልሰሽ እንዳትመጪብኝ። ለእናቷ ለቅሶ ዘግይታ የምትደርስ ልጅ እንደምትገባው ግቢ፤ ከአጥሩ በር ጀምረሽ ጩኺ። ቁጣሽንም አትተይው። የምላሽን ሁሉ በይኝ። እኔ ከደጃፉ ቆሜ እጠብቅሻለሁ፤ ድምፅሽን ከሩቅ ልስማው።

አባትሽ አባይነህ